የእናትህ ስም ማን ነው?



ከጥቂት ወራት በፊት እኛ በምንኖርበት በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በአዲሱ ገበያ ሰፈር አንዲት እናት ወደ አኼራ ሄዱ። የእድሩ ለፋፊ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በየመንደሩ እየዞረ «የአቶ እገሌ ባለቤት ስላረፉ ለቀብር ውጡ!» ሲል አሰማ። ጎረቤቱ በየደጁ ቆሞ «የትኛዋ ናቸው?» ሲባባል፣ የሚያውቁት «የነእገሌ እናት ናቸው እኮ» እያሉ ያስረዱ ነበር። በእኚህ እናት ቤት ከልጅነታችን ጀምሮ ቡና ጠጥተናል፤ በረመዳን ሾርባቸው እቤታችን ድረስ ተልኮልናል፤ ስንታመም ጠይቀውናል። ስማቸውን ግን አናውቅም ነበር።

ጀናዛው ኮልፌ መካነ መቃብር ደርሶ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ተልቂን የሚያሰሙት ሼኽ ወደ ልጆቹ ዞር ብለው የሟቿን ስም ጠየቁ። የበኩር ልጅ ነገራቸው። «የእናታቸውስ ስም?» አሉ ሼኹ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ታናሹ ታላቁን፣ ታላቁ አጎቱን አየ። አጎትየው የባል ወንድም ስለነበሩ እርሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። ያ ሁሉ ወንድ በቆመበት ስፍራ የሟቿን እናት ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። ሼኹ ጥቂት ጠበቁና፣ የእናቱ ስም ላልታወቀ ሟች እንደሚደረገው «የሐዋ ልጅ» ብለው ጠርተው ቀጠሉ።

ስለ ተልቂን በዑለሞች መካከል ያለው ልዩነት የታወቀ ነው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ያንን ለመዳኘት አልተነሣንም። ከቀብር ስንመለስ ያስጨነቀን ሌላ ጥያቄ ነው። ሁላችንም የሐዋ ልጆች መሆናችን እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ በእናታችን በሐዋና በእኚህ እናት መካከል የነበሩት እናቶች ሁሉ የት ገቡ? በመንገዳችን ላይ የራሳችንን አያት፣ ማለትም የእናታችንን እናት ስም ለመጥራት ሞከርን። አልመጣልንም። ሰውን ለመውቀስ የተዘጋጀው አፋችን በዚያው ተዘጋ።

ሁለት መስመሮች

በማግስቱ በምናስተምርበት ክፍል ተማሪዎቻችንን ሁለት መስመር እንዲጽፉ ጠየቅናቸው። በመጀመሪያው መስመር የአባታቸውን ስም እስከሚያውቁት ትውልድ ድረስ፤ በሁለተኛው መስመር የእናታቸውን ስም፣ ከዚያም የእናታቸውን እናት እያሉ እንዲዘረዝሩ ነበር። የመጀመሪያው መስመር በፍጥነት ሞላ። አራትና አምስት ትውልድ የቆጠሩ ብዙዎች ነበሩ፤ እስከ ሰባት ቤት የደረሱም አልጠፉም። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ እርሳሶች ቆሙ። አብዛኞቹ የእናታቸውን ስም ጽፈው አቆሙ። ጥቂቶች በቁልምጫ የምትጠራበትን እንጂ ትክክለኛ ስሟን አያውቁም። አንዱ «እማዬ» ብሎ ጽፎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

እነዚህ ልጆች ስለ እናቶቻቸው ፍቅር አነሳቸው የሚል ሰው አይኖርም። ጉድለቱ የልጆቹ ሳይሆን የአጠራራችን ነው። ለመሆኑ ሴቶቻችን እንዴት ሲጠሩ ኖረዋል? እስቲ ጥቂት እንመልከት።

የአባቷ ስም ይኖራል፣ የራሷስ?

በአገራችን ያገባች ሴት የአባቷን ስም አትጥልም። በእንግሊዝ አገር ሙሽራይቱ በሠርጓ ማግስት በባሏ የቤተሰብ ስም መጠራቷ ለብዙ ዘመን የቆየ ልማድ ነው። ከእኛ ዘንድ የሚለወጠው መጠሪያው ብቻ ነው፤ «ወይዘሪት» የነበረችው «ወይዘሮ» ትባላለች። ይህም ቃል ቢሆን ጥንት የመኳንንት ዘር ለሆኑ ሴቶች ብቻ የሚሰጥ የክብር መጠሪያ እንደነበረና ኋላ ለባለትዳር ሴት ሁሉ እንደተዳረሰ ይታወቃል። ስለዚህ የእኛ እናት እስከ ዕለተ ሞቷ የአባቷ ልጅ ናት። በዚህ ብዙዎቻችን እንኮራለን፤ መኩራታችንም ተገቢ ነው።

ነገር ግን በመዝገብ ላይ ያለውና በአፍ ላይ ያለው ለየቅል ነው። በመዝገብ ላይ የአባቷ ስም ይከተላታል፤ በሰፈር ግን የራሷ ስም ይቀራል። ልጅ ከወለደች «የእገሌ እናት»፣ ካልወለደች «የእገሌ ሚስት»፣ ካረጀች ደግሞ «እማማ» ትሆናለች። ባልም በሰው ፊት ስሟን ከመጥራት ይልቅ «ባለቤቴ»፣ «ቤተሰቦቼ»፣ «የቤት ሰዎች» ማለትን ይመርጣል። እርሷም በበኩሏ ባሏን በስሙ አትጠራም፤ «እርሳቸው» ወይም «የልጆቼ አባት» ትላለች። ይህ ሁሉ ከንቀት ሳይሆን ከአክብሮት የመጣ ነው። ሆኖም የባል ስም እቤት ባይጠራ በእድሩ፣ በገበያውና በሸንጎው ይጠራል። የሚስት ስም እቤት ካልተጠራ የሚጠራበት ሌላ ስፍራ ምን ያህል ነው?

ከዚህም አልፎ በመካከለኛውና በሰሜኑ አገራችን በብዙ ስፍራ፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል፣ ምራት ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላት ነበር። ስሙ ብዙውን ጊዜ ቤቱ ከእርሷ የሚመኘውን መልካም ነገር የሚገልጥ ነው። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአዲሱ ስም ትጠራለች፤ ልጆቿም በዚያው ያውቋታል። አማቶቹ ይህን የሚያደርጉት «ከእንግዲህ የቤታችን ልጅ ነሽ» ለማለት ነበር። ለብዙዎች የፍቅር ምልክት እንደነበረ አንክድም። ውጤቱ ግን አንዲት ሴት ሁለት ስም ይዛ መኖሯ፣ የመጀመሪያውንም ከጥቂት የሥጋ ዘመዶቿ በቀር የሚያውቅ አለመኖሩ ነው።

በደቡብ በከምባታ ዘንድ ደግሞ «በሊሻ» የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አለመጥራቷ ብቻ አይበቃም። ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ከአፏ ታስወጣለች፤ በምትካቸውም ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን ወይም ለዚሁ ተብለው የተያዙ ልዩ ቃላትን ትጠቀማለች። ልማዱ ዛሬ በአብዛኛው የአሮጊቶች ሆኗል። በሐዲያና በሲዳማም ተመሳሳይ ልማድ ነበር። እስቲ አስቡት፤ የአማቷ ስም እንዳይነካ ሴቲቱ የገዛ ቋንቋዋን ትለውጣለች። የእርሷን ስም ከመረሳት የሚጠብቅ እንዲህ ያለ ልማድ ግን አላጋጠመንም።

በጥንቷ ቻይና

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ርቀን ወደ ቻይና እንሂድ። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በዦው ነገሥታት ዘመን፣ በቻይና ከፍተኛ ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ወንድና አንዲት ሴት የዘር ስማቸው አንድ ከሆነ አይጋቡም ነበር። ስለሆነም ሴት ልጅ የዘር ስሟን ይዛ መዞር ነበረባት። የምትጠራውም በተወለደችበት ተራና በዘሯ ስም ነበር። ለምሳሌ «ሜንግ ጂያንግ» ማለት የጂያንግ ዘር የሆነች የበኩር ልጅ ማለት ነው። አስደናቂው ነገር በቻይና ጽሕፈት «የዘር ስም» የሚለው ምልክት ራሱ «ሴት» እና «መውለድ» ከሚሉ ሁለት ምልክቶች የተሠራ መሆኑ ነው። ከጥንቶቹ የዘር ስሞችም አያሌዎቹ በውስጣቸው የ«ሴት» ምልክት አለባቸው።

በሥርዓቱ መሠረት ልጅቱ 15 ዓመት ሲሞላት ፀጉሯ ተጠቅልሎ ወስፌ ይሰካበትና ለትዳር መድረሷ ይታወጃል፤ በዚያን ጊዜም የክብር ስም ይወጣላታል። ነገር ግን ይህ ስም ከቤት ውጪ እምብዛም አይሰማም። በኋለኞቹ ዘመናት በመዝገብና በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚቀረው የባሏ የቤተሰብ ስምና የአባቷ የቤተሰብ ስም ብቻ ሆነ። «የዋንግ ቤት ሚስት፣ የሊ ቤት ልጅ» እንደማለት ነው። የሁለት ወንዶች ቤት ይታወቃል፤ መካከል ያለችው ሴት ግን አትታወቅም።

ከዚህ ያመለጡት ሥራቸው ያስጠራቸው ጥቂቶች ናቸው። ባን ዣኦ የምትባል ሴት ከልደተ ዒሳ በኋላ በአንደኛውና በሁለተኛው መቶ ዓመት መካከል ኖራለች። ወንድሟ ጀምሮት የሞተውን የሃን ነገሥታት ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ ከፍጻሜ ካደረሱት አንዷ ናት፤ በቤተ መንግሥትም አስተምራለች። እርሷም ብትሆን በዘመኗ ትጠራ የነበረው በባሏ ቤት ስም «የጻኦ ታላቅ እመቤት» እየተባለች ነው። የራሷ ስም ግን በታሪክ ስለተመዘገበ እነሆ እኛም ጉለሌ ሆነን እንጠራታለን። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የጋብቻ ሕግ ባልም ሚስትም በየራሳቸው የቤተሰብ ስም የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደንግጋለች።

ኩንያና ስም

አንዳንድ አንባቢ «የእገሌ እናት መባል እኮ ሱና ነው፤ ሶሐባዎችም በኩንያ ይጠሩ ነበር» ሊለን ይችላል። እውነት ነው። ኩንያ ክብር ነው። እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ልጅ ሳይወልዱ በእህታቸው ልጅ በዐብደላህ ኢብን ዙበይር «ኡሙ ዐብደላህ» ተብለዋል። ነገር ግን እናስተውል። በኩንያ የተጠሩት እናቶች ስማቸው አልተደበቀም። ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ኡሙ ሰለማ ሂንድ፣ ኡሙ ሐቢባ ደግሞ ረምላ እንደሚባሉ ማንኛውም የመድረሳ ልጅ ያውቃል። ኡሙ ሐቢባን ነጃሺ እዚሁ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኒካሕ ሲያስሩላቸው ስማቸው ከነአባታቸው ተጠርቶ ነው።

የአገራችን ልጅ የሆኑትን ኡሙ አይመንንም እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታቸው አሚና ሲሞቱ ተንከባክበው ያሳደጓቸው እኚህ ሐበሻዊት ናቸው። በመጀመሪያ ልጃቸው በአይመን ስም ኡሙ አይመን ይባሉ እንጂ ስማቸው በረካ እንደሆነ ተመዝግቦ ደርሶናል። ባሪያ ሆነው ሕይወት የጀመሩ ሴት ስማቸው ከ1400 ዓመት በላይ ሲጠራ ኖሯል። የእኛ አያት ስም ግን ሁለት ትውልድ አልተሻገረም።

ዲናችን ሰዎች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ማዘዙን ከሱረቱል አሕዛብ እንማራለን። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) መጥፎ ትርጉም ያለውን ስም ወደ መልካም ይለውጡ ነበር፤ «ዓሲያ»፣ ማለትም «አመፀኛዋ» የምትባለውን ሴት «ጀሚላ» እንዳሏት በሐዲስ ተዘግቧል። ስሟ ተሻሻለ እንጂ አልጠፋም። ዐምር ኢብኑል ዓስ ከሰው ሁሉ ይበልጥ የሚወዱት ማንን እንደሆነ በጠየቋቸው ጊዜ ደግሞ ያለ አንዳች ማፈር የሰጡት መልስ «ዓኢሻ» የሚል ነበር። ዛሬ የሚስታችንን ስም በወንዶች መካከል ላለመጥራት የምንሸሸው ከየት ተምረን ነው?

የሐዲስ ሊቃውንትም ቢሆኑ የአንዲትን ሴት ዘገባ የሚቀበሉት ማንነቷን አጣርተው ነው። ኢብን ሰዕድ ስለ ቀደምት ትውልዶች በጻፉት ሰፊ መጽሐፍ የመጨረሻውን ክፍል ለሴቶች የሰጡት ለዚህ ነው። ስሟ ካልታወቀ እውቀቷም አይተላለፍም።

ታሪካችን የጠራቸው

የራሳችን ታሪክም ሴቶችን በስማቸው ሲጠራ ኖሯል። በጥንታዊው የሸዋ ሱልጣኔት ዜና መዋዕል ንግሥት ባዲት የማያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1063 እንዳረፈች ተጽፏል። የኢማም ማሕፉዝ ልጅና የኢማም አሕመድ ባለቤት የነበረችው ባቲ ድል ወንበራም የአንዱ ልጅ፣ የሌላው ሚስት ተብላ ብቻ አልቀረችም። «ባቲ» ማዕረጓ፣ «ድል ወንበራ» ስሟ ሆኖ ይኸው እስከ ዛሬ ሐረር ያስታውሳታል። በዚያችው ሐረር እናት «አይ» ትባላለች፤ አይ አቢዳ የሚባለው የጥንት ቅድስት ሴት መካን የሚጠራው በዚሁ ነው። እናትነቷና ስሟ ሳይጣሉ አብረው ኖረዋል ማለት ነው። በወሎም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን አገር ያስተዳድሩ የነበሩት ወርቂቱና መስተዋት ናቸው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1865 ከመቅደላ ሲያመልጡ የተቀበሏቸው ወርቂቱ ለዚያ ውለታ የከፈሉት ልጃቸውን ነው። ማን እንደሆኑ ሲጠየቅ ወሎዬ በስማቸው ይመልሳል።

እኛ በምንኖርበት አቅጣጫ ደግሞ ቀና ስንል እንጦጦን እናያለን። የዚህች ከተማ ስም ከዚያ ተራራ ወደ ፍልውሃ በወረዱ ሴት፣ በእቴጌ ጣይቱ የወጣ ነው። «ጉለሌ» የሚለውም በስፍራው ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ከተማችን በሴት አፍ ተሰየመች፤ ሰፈራችን የነዋሪዎቹን ስም ጠብቃ አቆየች። በየጓሮው የሚኖሩት እናቶች ስም ግን ከነርሱ ጋር አፈር ይገባል።

ስምና ወረቀት

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 እያንዳንዱ ሕፃን ስም የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በሚካሄደው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በልደት ምስክር ወረቀት ላይ የእናት ሙሉ ስም ይሰፍራል። አሁን ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ መጥቷል። ሁለት ስም ይዘው የኖሩ እናቶች ችግር የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በአንዱ ወረቀት በአባቷ ቤት ስም፣ በሌላው በአማቷ ባወጣችላት ስም የተመዘገበች ሴት ውርስ ስትጠይቅ ወይም ልጇ ውጭ አገር ሊወስዳት ሲነሣ «እነዚህ ሁለት ሴቶች አንድ መሆናቸውን በምስክር አረጋግጪ» ትባላለች። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄዱ አንዳንድ እህቶቻችንም በሌላ ስም ፓስፖርት አውጥተው ሄደዋል፤ ክፉ ነገር ሲደርስባቸው ወላጆቻቸው የሚፈልጉት አንድ ስም፣ ወረቀቱ የሚያውቀው ሌላ ስም ይሆናል።

መልካም የተሠራበትም አለ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር በ1990ዎቹ አጋማሽ መሰጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድነት እንዲሰፍር ተደርጓል። ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ ያ የተጻፈ ስም ለሴቲቱ እርሻ ነው፤ እንጀራ ነው። በአፍጋኒስታን ደግሞ እህቶች እ.ኤ.አ. በ2017 «ስሜ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የእናት ስም በልጆች መታወቂያ ላይ እንዲጻፍ ሕጉ ተሻሻለ። ያን ጥያቄ ያነሡት ሐኪም የሚያዝላቸው መድኃኒት ላይ እንኳ ስማቸው መጻፉ እንደ ነውር የሚታይባቸው ሴቶች ነበሩ።

ስልክ ደወልን

በዚያው ሰሞን ወሎ ወደሚኖሩት እናታችን ደወልን። «የአያታችን ስም ማን ነበር?» አልናቸው። «ምን አስታወሰህ ልጄ?» ብለው ሳቁ፤ ቀጥለውም ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉን። «እኔ የማውቃት አማቷ ባወጡላት ስም ነበር። አንድ ቀን ወንድሟ ከሩቅ አገር ሊጠይቃት መጣና ገና ከደጅ ሆኖ በሌላ ስም ተጣራ። እኛ ልጆቹ ቤት የተሳሳተ እንግዳ መስሎን ነበር። እሷ ግን የያዘችውን ወንፊት ጥላ ወጣች። እናቴን እንደዚያ ስትሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

ሁለቱንም ስም ነገሩን። ሁለቱንም ጻፍን። የእርሳቸውን እናት ስም ስንጠይቃቸው ግን «እሱን አክስትህን ጠይቃት፤ ሳታልፍ ቶሎ ብለህ» አሉን።

ውድ አንባቢያን! «የእገሌ እናት» ማለትን እንተው አንልም፤ ክብር ነውና ይቀጥል። የምንለው ከክብሩ ጋር ስሟም ይኑር ነው። እድሮቻችን መዝገባቸውን ገልጠው ይመልከቱ፤ በባል ስም ብቻ የተመዘገበች እናት ካለች ስሟን ከነአባቷ ያስገቡ። ለፋፊውም ሲያሰማ «የአቶ እገሌ ባለቤት» ካለ በኋላ ስሟን ይጨምር። አባቶች ለልጆቻችሁ የእናታቸውን ስም ከነአያቷ አስጠኑ። ወጣቶች ደግሞ ዛሬ ማታ እራት ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ቁርኣናችሁን በምታስቀምጡበት ስፍራ በሚቀመጥ ደብተር ላይ ጻፉት።

ተማሪዎቻችን ያን ሁለተኛ መስመር እቤታቸው ጠይቀው እንዲሞሉ አንድ ሳምንት ሰጥተናቸው ነበር። «እማዬ» ብሎ የጻፈው ልጅ ወረቀቱን ሲመልስ አራት ስም ነበረበት። አራተኛውን ማን እንደነገረው ጠየቅነው። «እማዬም አታውቀውም ነበር» አለን፤ «አብረን ሄደን አያቴን ጠየቅናት።»